የሞተር ዙር ሲወርድ በረዶ ነው ወይስ ነዳጅ በዝቶበት?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የበረራ ተማሪ ነኝ። አሁን ሐዋሳ ቤተሰብ ጋ ሆኜ ለፈተና እያነበብኩ ነው፤ ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል) ላይ ግን ቆሜ ቀርቻለሁ።

ባለፈው ልምምድ ላይ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) አልነካሁም። የዙር ቆጣሪው መርፌ ግን ከ2300 ቀስ እያለ ወደ 2150 ወረደ። እውነት ለመናገር ደንግጬ ነበር። አስተማሪዬ የካርቡሬተር ማሞቂያውን ሳበ። መርፌው ጭራሽ ባሰበት፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ወጣ። በረዶው ቀልጦ ነው አለኝ። ውጭ 18 ዲግሪ ነበር! ነዳጁ ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ፣ እርጥበት ካለ በሞቃት ቀንም በረዶ እንደሚሠራ ይሄ ገብቶኛል።

ያልገባኝ ሌላ ነው። እንደ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል። ያኔም ዙር ይወርዳል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ማሞቂያው ደግሞ ነዳጁን ይባስ ያበዛዋል። ታዲያ መርፌውን እያየሁ ሁለቱን በምን ልለይ? መጀመሪያ የቱን ልንካ፣ ማሞቂያውን ወይስ ሚክስቸሩን (የድብልቁን መቆጣጠሪያ)? ከመሬት 300 ሜትር ላይ ብቻ ብሆንስ? ያበረራችሁ ሰዎች፣ እጃችሁ በቅደም ተከተል የት የት እንደሚሄድ ንገሩኝ።