ለተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ውለታ ለመመለስ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከቤተሰቤ የመጀመሪያዋ የኮሌጅ ምሩቅ ስሆን፣ የተማርኩትም አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ጥቂት በነበሩበት አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ወላጆቼ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ በመሙላትም ሆነ ትምህርት ክፍል በመምረጥ ሊያግዙኝ ስላልቻሉ፣ መንገዱን ያሳየኝ እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎችን ከሚያግዙት፣ ትሪዮ ከሚባሉት የፌዴራል ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። አሁን የትምህርት ብድሬን ከፍዬ ስለጨረስኩ በአምስት ዓመት ውስጥ 25,000 ዶላር ለመስጠት አስቤያለሁ። የዩኒቨርሲቲው የልገሳ ቢሮ በእናቴ ስም ቋሚ የስኮላርሺፕ ፈንድ እንዳቋቁም መክሮኛል። እኔ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ለጥቁርና ለመጀመሪያ ትውልድ ተማሪዎች እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ይህን በውሉ ላይ ማስፈር ይቻል ይሆን? ቋሚ ፈንዱስ ከሌላው አሰጣጥ ይሻላል?

በልገሳ ሥራ ላይ የቆየ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ስሌቱን ይመልከቱ። ኢንዳውመንት በሚባለው ቋሚ ፈንድ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በኢንቨስትመንት ላይ ይቆይና፣ ከፈንዱ ዋጋ በየዓመቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ብቻ ለስኮላርሺፕ ይወጣል። ስለዚህ 25,000 ዶላርዎ በዓመት የሚያስገኘው ከ1,000 እስከ 1,250 ዶላር ነው፤ ይህም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ፣ የፔል ግራንት፣ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያ ከነበረው 7,395 ዶላር አንድ ስድስተኛውን ቢሆን ነው። ከዚህም ሌላ የገቡት ቃል ተጠቃሎ እስኪከፈል ድረስ ከፈንዱ ምንም የማይሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ያው ገንዘብ በየዓመቱ ወጪ እንዲሆን ቢሰጥ ግን ለአምስት ዓመት 5,000 ዶላር ይሆናል። ቋሚው ፈንድ ከእርስዎ በኋላም ይኖራል፣ ሁለተኛው ያልቃል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የልገሳ ቢሮዎች የመጀመሪያውን የሚወዱበት የራሳቸው ምክንያት ስላላቸው ምክራቸውን በዚያ ዓይን ይዩት።

ሕግ ያጠና፦
ስለ ቀለም መስፈርቱ ልመልስ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳዮች ላይ በሰኔ 2023 የሰጠው ውሳኔ የከለከለው በተማሪዎች ቅበላ ቀለምን መስፈርት ማድረግን ነው፤ ስለ ስኮላርሺፕ በቀጥታ አልወሰነም። ይሁን እንጂ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሁሉ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የቀለም አድልዎ የተከለከለ በመሆኑ፣ ከውሳኔው ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቀለምን ከስኮላርሺፕ መስፈርቶቻቸው አውጥተዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎ እንዲህ ያለ ውል ይፈርማል ብዬ አልጠብቅም። «የመጀመሪያ ትውልድ» የሚለው መስፈርት ግን ቀለምን ስለማይጠቅስ ይህ ችግር የለበትም፤ በፌዴራል ሕግም ከወላጆቹ አንዳቸውም የባችለር ዲግሪ የሌላቸው ተማሪ ተብሎ ተተርጉሟል፣ ለትሪዮ የሚያገለግለውም ይኸው ትርጉም ነው። ጥቁር ተማሪዎችን መድረስ ዋናው ዓላማዎ ከሆነ፣ የስጦታውን ከፊል በታሪክ የጥቁሮች ለሚባሉት ኮሌጆች ወይም ከ1944 ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ለሚደግፈው ዩኤንሲኤፍ ለተባለው ድርጅት መስጠት ይችላሉ። ተቀባዩን ተማሪ ግን ራስዎ አይምረጡ፤ ለአንድ ለተወሰነ ሰው የታለመ ስጦታ ከግብር አይቀነስም።

የተማሪዎች ገንዘብ ድጋፍ ሠራተኛ፦
ብዙ ለጋሾች የማይጠይቁት ነገር አለ። ተማሪው ከውጭም ሆነ ከውስጥ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ የሰጠውን ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ ድጋፍ፣ በዚያው ልክ ሊቀንስበት ይችላል። ያን ጊዜ የእርስዎ ገንዘብ የተቋሙን በጀት እንጂ የተማሪዋን ኪስ አይረዳም። ሜሪላንድ በ2017 ይህን አሠራር በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በመገደብ የመጀመሪያዋ ክፍለ ሀገር ሆናለች፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጥቂት ክፍለ ሀገራትም ተከትለዋታል፤ በቀሩት ቦታዎች ግን በየተቋሙ ፖሊሲ የሚወሰን ነው። «አዲስ ስጦታ ሲመጣ አስቀድማችሁ የምትቀንሱት ብድሩን ነው ወይስ ግራንቱን?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።

እኔን ከጠየቁኝ አብዛኛውን ለአስቸኳይ ድጋፍ ፈንድ እሰጠው ነበር። የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ ትምህርቷን የምታቋርጠው ብዙ ጊዜ በጥቂት መቶ ዶላር ነው፦ መኪናዋ ተበላሽቶ ሥራ መድረስ ሲያቅታት፣ ወይም ትንሽ ቀሪ ዕዳ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ምዝገባ ሲያሳግድባት። ሌላው ተማሪ ወላጁ ጋ ይደውላል፤ እሷ የምትደውልለት የላትም።

ሌላ አንባቢ፦
ከላይ ባለው አልስማማም፤ ስምም ዋጋ አለው። ኦሴዮላ ማካርቲ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጣ ዕድሜዋን ሁሉ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች ጥቁር ሴት ነበረች። በ1995 ካጠራቀመችው 150,000 ዶላር ለሳውዘርን ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ እንዲውል መስጠቷ ሲሰማ፣ ብዙ ሰዎች በስሟ ተጨማሪ ገንዘብ አዋጥተዋል። የእናትዎ ስም ያለበት ፈንድም ሌሎች የሚጨምሩበት ይሆናል፤ ስም የለሽ የአስቸኳይ ሣጥን ግን ይህን አያደርግም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአስቸኳይ ድጋፉ ፈንድ ራሱ በእናቴ ስም ሊሰየም ይችል እንደሆነ፣ ግራንት ስለመቀነሱም ያላቸውን ፖሊሲ፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

በልገሳ ሥራ ላይ የቆየ፦
ለአንድ ጊዜ ወጪ የሚውል ፈንድም በሰው ስም ሊሰየም ይችላል፤ ዝቅተኛውን መጠን ይጠይቋቸው። ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ አሠሪዎ የሠራተኞቹን ስጦታ በእኩል መጠን የሚያሟላ መሆኑን የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ። አንዳንድ ድርጅቶች በየዓመቱ ጣሪያ ስላላቸው፣ ገንዘቡን በአምስት ዓመት መክፈልዎ ከአንድ ጊዜ ክፍያ የተሻለ ሊያስገኝልዎ ይችላል።