በብርሃን የካርበን ለካርበን ትስስር ስሠራ ምርቱ ለምን አነሰብኝ?

ተመራቂ ተማሪ፣ ድሬዳዋ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። አራይል ዳያዞኒየም ቴትራፍሎሮቦሬት የተባለውን ናይትሮጅን ያለበት ጨው ፉራን ከተባለው ፈሳሽ ጋር በብርሃን አገናኝቼ አዲስ የካርበን ለካርበን ትስስር ለመፍጠር እየሞከርኩ ነው። ካታሊስቴ (ሂደቱን የሚያፋጥነው) ኢኦዚን ዋይ የተባለው ቀለም፣ ማሟሚያዬ ዲኤምኤስኦ የተባለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ኦክስጅኑን ለማስወጣት ናይትሮጅን ለ20 ደቂቃ በድብልቁ ውስጥ ካሳለፍኩ በኋላ በሰማያዊ ኤልኢዲ ሥር አሳድረዋለሁ። ጠዋት የማገኘው ግን የጠቆረ ፈሳሽ ነው፤ የምፈልገው ውህድ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። ካታሊስቱን ብጨምርም አልተሻሻለም። ስህተቴ የት ላይ ነው?

የኬሚስትሪ መምህር፣ ሐረር
በመጀመሪያ መብራቱን ይቀይሩ። ኢኦዚን ዋይ ቀይ ሆኖ የሚታየን አረንጓዴውን ብርሃን ስለሚመጥጥ ነው፤ አብዝቶ የሚመጥጠው 530 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሲሆን፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ ግን የሚያበራው 450 አካባቢ ነው። ሰማያዊው የሚስማማው፣ ኬሚስቶቹ ማክሚላንና ኒሴዊዝ በ2008 አልዲሃይድ በተባሉ ውህዶች ላይ የካርበን ትስስር ለሠሩበት የሩቴኒየም ካታሊስት ነው። ኢኦዚኑንም አያብዙ፤ ድብልቁ በጣም ሲቀላ ብርሃኑ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ስለማይገባ መሃሉ ጨለማ ሆኖ ያድራል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ
መምህር ባሉት እስማማለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ፉራኑን ነው። ፉራን በ31 ዲግሪ ይፈላል፤ የእኛ ከተማ የከሰዓት ሙቀት ብቻውን ከዚያ ያልፋል። በዚያ ላይ ጋዝ ለ20 ደቂቃ ሲያሳልፉበት አብሮ ተንኖ ይሄዳል። ኢኦዚኑ ኤሌክትሮን ሰጥቶት ከጨዉ ናይትሮጅኑን ለቅቆ የቀረው አራይል ሬዲካል (ነጠላ ኤሌክትሮን ያለው፣ ቶሎ የሚጣመር ቁራጭ) ደግሞ አጠገቡ ፉራን ካላገኘ በሌላ መንገድ ይባክናል፤ ፉራን በብዙ እጥፍ የሚጨመረውም ስለዚህ ነው።

ናይትሮጅኑን አስቀድመው በዲኤምኤስኦው ውስጥ ብቻ ያሳልፉ፤ ከዚያ በበረዶ የቀዘቀዘውን ፉራን በላስቲክ ክዳኑ በኩል በመርፌ ያስገቡ። ጠርሙሱን ግን በረዶ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ዲኤምኤስኦ 18.5 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ሂደቱ ራሱ ናይትሮጅን ስለሚያወጣ ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ አይድፈኑ። የዳያዞኒየም ጨዉንም በደረቁ አይፍጩት፣ አያሙቁት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ተመራቂ ተማሪ፣ ድሬዳዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጋዝ መውጫው መርፌ በኩል እንደ ኤተር ያለ ሽታ ይመጣ ነበር፤ ከማሟሚያው መስሎኝ ነበር። አሁን ፉራንን በሚመስለውና በ84 ዲግሪ በሚፈላው ታዮፊን እጀምራለሁ፤ ለማነጻጸሪያም አንዱን ጠርሙስ በፎይል ሸፍኜ በጨለማ አቆየዋለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ
የሸተተዎት ፉራኑ ነው፤ መርዛማ ስለሆነ ከጭስ ማውጫው ሳጥን ውጭ እንዳይከፍቱት አደራ። በፎይል ከሸፈኑት ሌላ፣ ያለ ኢኦዚን በብርሃን የሚቆይ አንድ ጠርሙስ ይጨምሩ።