ክርክር፦ «ሲ ድራገን» መሠራት ነበረበት?

ሰማያዊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ጥያቄ ሲከነክነኝ ቆይቷል። በ1962 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ሮበርት ትሩአክስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በኤሮጄት ኩባንያ ሳለ «ሲ ድራገን» የሚባል ሮኬት ነደፈ። ቁመቱ 150 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር። 550 ቶን ጭነት ምሕዋር ላይ እንዲያደርስ ነበር የታሰበው። የዛሬው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ክብደቱ ወደ 420 ቶን ነው። እሱን ለመገጣጠም ከ1998 እስከ 2011 ከ40 በላይ በረራ ፈጅቷል። ሲ ድራገን ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ጉዞ ያነሣው ነበር! መቅረቱ ትልቅ ስህተት ነው እላለሁ። እናንተስ?

መርከበኛ፦ እኔም እዚያው ነኝ። ሰው የሚያየው ትልቅነቱን ነው፤ ዋናው ነገር ግን ቀላልነቱ ነው። ትሩአክስ ሮኬትን የሚያስወድደው መጠኑ ሳይሆን ውስብስብነቱ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ አካሉ መርከብ በሚሠራበት ቦታ ከብረት ይበየዳል። ከዚያ በባሕር ላይ ይጎተታል። ግርጌው ላይ ውኃ የሞላ ታንክ ይታሰርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከባሕሩ ይነሣል። ማማ የለ፣ መነሻ ሜዳ የለ። ፓምፕ እንኳ የለውም፤ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው የጋዝ ግፊት ነው። ሞተርን ውኃ ውስጥ ማስነሣቱም ወሬ ብቻ አልነበረም፤ «ሲ ቢ» እና «ሲ ሆርስ» በተባሉ ትንንሽ ሮኬቶች ተሞክሯል።

መሐንዲሷ፦ መርከበኛ ወንድሜ፣ ያ ቀላልነት ወረቀት ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ያለው አንድ ሞተር ብቻ ነው፤ ግፊቱ ወደ 36,000 ቶን። ሰውን ጨረቃ ያደረሰውን ሮኬት ሳተርን 5ን ካነሡት አምስት ኤፍ-1 ሞተሮች የአንዱ ግፊት ወደ 690 ቶን ነበር። ከ50 እጥፍ በላይ ማለት ነው! ኤፍ-1 ራሱ እሳቱ ማቃጠያው ውስጥ እየተናወጠ ስንቱን መሐንዲስ እንቅልፍ ነሥቷል። እየነደደ ባለው ሞተር ውስጥ ትንሽ ፈንጂ ያፈነዱ ነበር፤ እሳቱ መልሶ መርጋቱን ለማየት። ነዳጅ የሚረጨውን ሰሌዳም ደጋግመው ቀያየሩ። ማቃጠያው በሰፋ ቁጥር ይህ ጣጣ ይብሳል። ያንን ሙከራ በ50 እጥፍ የት ሆነህ ትሠራዋለህ?

ሰማያዊ፦ አልተሞከረም እኮ! ሳይሞከር አይሆንም ማለት ይቻላል?

መሐንዲሷ፦ አይሆንም አላልኩም። ቀላል ነው አትበሉ ነው ያልኩት።

ታሪክ ወዳድ፦ ሁላችሁም ሞተሩ ላይ ተጣብቃችኋል። እኔ የምጠይቀው ጭነቱን ነው። 550 ቶን ምን ሊጭኑ? ናሳ «ኖቫ» የሚባል ከሳተርን 5 የሚበልጥ ሮኬትም አስቦ ነበር፤ በቀጥታ ሄዶ ጨረቃ ላይ ለማረፍ። የናሳው መሐንዲስ ጆን ሁቦልት ግን ትንሽ ማረፊያ ብቻ ከጨረቃ ምሕዋር ትውረድ ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። በ1962 የእሱ መንገድ ተመረጠ፤ ኖቫ ሥራ አጣ። ሳተርን 5ስ? ተጨማሪ እንዳይመረት የተወሰነው በ1968 ነው። ሰው ጨረቃን እንኳ ሳይረግጥ! 13 ጊዜ በረረ፤ የተረፈው ሙዚየም ገባ። በእጅ ያለው ሮኬት ሥራ ሲፈታ፣ አራት እጥፍ የሚጭን ለማን ይሠራል?

አዲስ ገቢ፦ ኦሪዮንስ? በኒውክሌር ፍንዳታ ሊገፋ የታሰበው የጠፈር መርከብ?

ታሪክ ወዳድ፦ በ1963 በከባቢ አየርና በጠፈር የኒውክሌር ሙከራን የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ፤ መንገዱ ተዘጋ። እንኳንም ተዘጋ።

መርከበኛ፦ ጭነት አልነበረም ያልከውን እቀበላለሁ። ግን ጭነትም የሚታሰበው ባለው ሮኬት ልክ ነው። የዛሬው ጣቢያ የተቆራረጠው እኮ ሮኬቶቹ በሚችሉት መጠን ነው። የአሜሪካን የጠፈር ጣቢያ ስካይላብን ተመልከቱ፤ በ1973 ሙሉ ጣቢያው በአንድ ሳተርን 5 ወጣ። ትልቅ ሮኬት ቢኖር ሰውም ትልቅ ያስብ ነበር።

መሐንዲሷ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሞተሩን ግን ከፋፍለህ አምጣልኝ። የስፔስኤክስ ኩባንያን ግዙፍ ሮኬት ስታርሺፕን የሚያስነሡት 33 ሞተሮች ናቸው፤ አንዱን ለብቻው መሞከር ይቻላል። ለሲ ድራገን ይህ ዕድል አልነበረም።