ኢቦላ ጊዜ ላይቤሪያ ውስጥ ሬሳ ማቃጠሉ ግድ ነበር?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? በ2014 እ.ኤ.አ. የላይቤሪያ መንግሥት ሞንሮቪያ ውስጥ በኢቦላ የሞተ ሁሉ ይቃጠል ብሎ አዞ ነበር። ሬሳ አጥቦ በእጁ ዳስሶ የሚሸኝ ሕዝብ ላይ ይሄ አልከበደም? ሌላ መላ ጠፍቶ ነው?

መልስ 1፦ ከብዷል እንጂ! ግን ሰውየው ከሞተም በኋላ ሬሳው በሽታውን ያስተላልፋል፤ ያ ማጠቡና መሳሙ ነው ብዙ ቤት የጨረሰው። ይቀበር ሲባልም የአካባቢው ሰው «እኛ ሰፈር አይሆንም» እያለ ነበር፣ ምን ያድርጉ?

መልስ 2፦ ውጤቱን አያችሁ ግን? ሰው ዘመዱ እንዳይቃጠልበት በሽተኛ መደበቅና በድብቅ መቅበር ጀመረ። እዚያ አገር እኮ ማርች ላይ የዘመድ መቃብር የሚጸዳበት የመንግሥት በዓል ሁሉ አለ፣ መቃብር የሌለው ሰው ያን ቀን የት ይሂድ? እኛም ኮሮና ጊዜ ለቅሶ መድረስ ሲከለከል ስንቱን እንዳማን ረሳችሁት መሰለኝ 🙂

መልስ 3፦ ኋላ ገባቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዲስኮ ሂል የሚባል መቃብር ቦታ ተከፈተና ማቃጠሉ ቀረ። የበሽታ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ይቀብራሉ፣ ቤተሰብ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጸልያል።

ጠያቂ፦ ይሄንን ከመጀመሪያው ቢያደርጉት ምን ነበረበት!