የ1976 ላንድክሩዘር ኤፍጄ 40 ግቢ ውስጥ ማደስ፦ ከየት ልጀምር?

ሻንሲ_40፦
ሰላም ወገኖች። ለዓመታት የቆመ ኤፍጄ 40 ግቢ ውስጥ ማደስ ጀምሬያለሁ። የ1976 ስሪት ነው፤ 2ኤፍ የቤንዚን ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ፣ አራቱም እግር ታምቡር ፍሬን። ሞተሩ ይነሳል። የፊት ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ያዝረከርካል። ፍጥነቱ 60 ገደማ ሲደርስ መሪው በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ይስባል። ጥቁር ጭስ አለው፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይፈላል። ሐሳቤ 4 ኢንች ከፍ አድርጌ 33 ኢንች ጎማ ማልበስ፣ ቀጥሎ የናፍጣ ሞተር መግጠም ነው። ክሪክ፣ መቆሚያ፣ የተለመዱት ቁልፎችና አነስተኛ የብየዳ ማሽን አለኝ። ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ? ብረቱም እዚህም እዚያም ዝጓል።

ግራሶና_ኩሽኔታ፦
ሦስቱ የፊት ችግሮችህ ምንጫቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የፊት ግራ ናክል (በአክስሉ ጫፍ ከጎማው ጋር የሚጠመዘዘው ቤት)። ያ ጥቁር ፈሳሽ የዲፈረንሻል ዘይት ከናክሉ ግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ነው። በአክስሉ ቱቦ ጫፍ ያለው የውስጥ ፓራዎልዮ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ናክሉ ይገባል፣ ግራሶውን ያቀጥናል፣ ከዚያ በሞዞው (ጎማው በሚታሰርበት ክፍል) በኩል አልፎ ታምቡሩ ውስጥ ይደርሳል። የግራ ፍሬን ሸራ በዘይት ከራሰ የሚይዘው የቀኙ ብቻ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚስብህም ለዚህ ነው። መንቀጥቀጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የናክሉ የላይና የታች ኩሽኔታ ሲላላ የሚመጣ ነው። የመሪ ዘንጎቹን ቴስቲናዎች (የጫፍ መጋጠሚያዎች)ና የጎማውን ባላንስም አትርሳ።

ፓራዎልዮ ከመግዛትህ በፊት የአክስሉን መተንፈሻ ፍታና እይ። በጭቃ ከተደፈነ አክስሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራዎልዮው በኩል ይገፋዋል። አዲስ ገጥመህ መተንፈሻውን ከተውከው ያው ይደገማል። በቱቦ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ አድርገህ ብታወጣው ወንዝ ስትሻገርም ውሃ አይስብም።

አፈታቱ፦ መኪናውን በመቆሚያ ላይ አሳርፍ፤ በክሪክ ብቻ አትሥራ። ፍሪዊሉን (ሞዞውን ከሴሚያሱ ጋር የሚያገናኘውን)፣ ከዚያ የሴሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን የአክስል ዘንግ) መቆለፊያ ቀለበት አውጣ። ቀጥሎ የታጠፈውን መቆለፊያ ሮንዴላ አቅናና ሁለቱን ዳዶዎች በ54 ሚሊሜትር ሶኬት ፍታ። በመዶሻና በመሮ የሚፈቱት ሰዎች ዳዶውንም ጥርሱንም ያበላሻሉ፤ ሶኬቱ ርካሽ ነው፣ ግዛው። ሞዞው ከወጣ በኋላ ስፒንድሉን (ሞዞው የሚዞርበትን ቱቦ) አንሳና ሴሚያሱን ከቢርፊልዱ (ጫፉ ላይ ካለው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) ጋር ቀጥ አድርገህ ሳብ። የናክሉ ክንድ ዳዶዎች ሥር ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ በቁልፍ ብቻ አይለቁም። ዳዶውን ጥቂት ጥርስ ላይ ተወውና ክንዱን በነሐስ መዶሻ ምታ፤ ሮንዴላው ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሺሞቹን (ስስ የብረት ማስተካከያዎቹን) ሲያደባልቅ ነው። የትኛው የግራ የላይ፣ የትኛው የግራ የታች እንደሆነ ለየብቻው በላስቲክ አስቀምጥ። ናክሉን መሐል የሚያደርጉትም የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚወስኑትም እነሱ ናቸው፤ ሺም ሲቀነስ ይጠብቃል፣ ሲጨመር ይላላል።

ሁሉንም በጋዝ እጠብና ጨርቅ እንኳ እስኪነጣ ድረስ ጥረግ። መሪ ስትጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ይል ከነበረ ቢርፊልዱ ተበልቷል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዛወር ዕድሜ ይጨምርለታል፤ ወደፊት ስትነዳ የሚጫነው የኳስ መንገድ ተቃራኒው ይሆናልና። ቢርፊልዱን በሞሊብዲነም ግራሶ ጥቅጥቅ አድርገህ ሙላ። የናክሉን ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል በዚያው ግራሶ ሙላው፤ እስከ አፉ አትጠቅጥቀው። ለጎማ ኩሽኔታ ግን ተራው የሊቲየም ኩሽኔታ ግራሶ ይበቃል።

ስትገጥም የውስጡን ዳዶ መጀመሪያ ወደ 6 ኪሎግራም-ኃይል ሜትር፣ ማለትም በግምት 60 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። ሞዞውን ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ አዙር፤ ከዚያ አላላውና እንደገና ቀስ ብለህ አጥብቅ። የመንጠቆ ሚዛን የጎማ ብሎን ላይ አስረህ ስትስብ ሞዞው መዞር የሚጀምረው ከ2.8 እስከ 5.6 ኪሎ መካከል መሆን አለበት። በእጅ ስሜት ብቻ ከሠራኸው ወይ ይግላል ወይ ይንገጫገጫል።

ታምቡር፦
የተባለው ልክ ነው፤ የፍሬኑን ልጨምር። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚንም በእሳትም አይድንም፣ ጣለው። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ሸራ ቀይር፤ አንዱን ብቻ ከቀየርክ መሳቡ ይቀጥላል።

የዚህ መኪና የፊት ታምቡር በእያንዳንዱ እግር ሁለት ፖምፒና (ሸራውን የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ) አለው፤ እያንዳንዱ ሸራም የራሱ ባለ ጥርስ ማስተካከያ አለው። አንዱን አስተካክለው ሌላውን ስለሚረሱት ነው «የአርባ ፍሬን አይረባም» የሚባለው። ጎማውን አንሳ፣ ማስተካከያውን ጎማው እስኪቆም አዙር፣ በነፃነት እስኪዞር ጥቂት ጥርስ መልስ። ሁለተኛውን ሸራም እንዲሁ። አየር ስታስወጣ ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጀምር፤ በግራ መሪ መኪና የኋላ ቀኙ ነው። ዘይቱ ዶት 3 ይሁን። የማዕድን ዘይት ከገባ የፖምፒናው ላስቲኮች ሁሉ ያብጣሉ፤ ያኔ መፍትሔው ከዋናው ፖምፓ ጀምሮ ሁሉንም መቀየር ነው።

33 ጎማ ካሰብክ ግን ፊቱን ወደ ዲስክ ቀይር። ከ60 ሲሪስ ላንድክሩዘር የሚወጣው ይስማማል፦ ናክሉ፣ ስፒንድሉ፣ ሞዞው፣ ዲስኩ፣ ካሊፐሩና ቢርፊልዱ። የውስጥ ሴሚያስ ግን የራስህ ይቆይ፤ የ60 አክስል ሰፊ ስለሆነ የእሱ ሴሚያስ ይረዝምብሃል። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ከአንድ መኪና የወጣ ሙሉ ስብስብ ጠይቅ፤ ለቃቅመህ ከሰበሰብከው የቢርፊልዱ ጥርስና የውጭው ፍላንጅ ላይገጥሙ ይችላሉ።

ዋናው ፖምፓ ላይ ለታምቡር ተብሎ በመስመሩ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ አለ። ወደ ዲስክ ስትቀይር የፊቱን መስመር ቫልቭ ካላወጣህ ፓዱ ዲስኩን አይለቅም፤ ጎማው ይግላል፣ ነዳጅም ይበላል። የፓዱ ካሊፐር ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ፔዳሉ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነም የዲስክ ዋና ፖምፓ ያስፈልግሃል።

ከፍታ_2350፦
ጭሱና መፍላቱ የሞተር ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባም ጉዳይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ካርቡሬተሩ ግን ለቆላ የተመጠነውን ቤንዚን መስጠቱን አያቆምም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይለብሳል።

ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ) ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ በካርቡሬተሩ መስተዋት የቤንዚኑን ልክ እይ፤ መሐል መሆን አለበት። ቾኩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይ? የአየር ማጣሪያው? እነዚህ ደህና ከሆኑ ነው ዋናውን ጄት አንድ ወይም ሁለት ቁጥር የምታሳንሰው።

ቫልቭ ሞተሩ ሞቆ ይስተካከል፤ የመሳቢያው 0.20፣ የጭስ ማውጫው 0.35 ሚሊሜትር። አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቂያው ላይኛ ጫፍ ላይ ሳለ ከፊት ወደ ኋላ ቆጥረህ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እና 9ኛውን አስተካክል፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙረህ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 11 እና 12ኛውን። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-5-3-6-2-4 ነው። የፑንቲናው (የዲስትሪቢዩተሩ መቆራረጫ) ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው 0.8 ሚሊሜትር ይሁን። ታይሚንግ (የእሳቱ መቅደሚያ) 7 ዲግሪ ነው፤ ምልክቱ ፍላይዊሉ ላይ የተቀበረች ትንሽ ኳስ ናት፣ በፍሪሲዮን ቤቱ ቀዳዳ ትታያለች። የቫኩም ቱቦውን ነቅለህ ለካ። ደጋ ላይ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ጉልበት ይመልሳል፤ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ዳሎል ስትወርድ ግን ካልመለስከው ዳገት ላይ ያንኳኳል፣ ፒስቶን ይበላል። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ሁለቱንም ቦታ በቀለም ምልክት አድርግ።

መፍላቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ የሚከፈተው ደግሞ በ82 ነው። መካከላቸው 10 ዲግሪ ብቻ! ልዩነቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ስለዚህ ራዲያተር ከመቀየርህ በፊት 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግጠም። ከዚያ የራዲያተሩን መረብ፣ ቀጥሎ የሞተሩን ብሎክ እጠብ፤ በቆመ ሞተር ላይ ዝቃጩ የሚከማቸው ከኋለኛው ሲሊንደር አጠገብ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከፈላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጠርጥር።

ሻንሲ_40፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የናክሉን ሥራ ጀምሬያለሁ። ከፍ ማድረጉ ላይስ? ረዘም ያለ የባሌስትራ ማንጠልጠያ ሠርተው የሚሸጡ አሉ፤ በርካሽ ይገኛል።

ባሌስትራ፦
አትግዛው። ማንጠልጠያ በ10 ሴንቲ ሲረዝም መኪናው የሚነሳው በ5 ብቻ ነው። የአርባ የፊት ማንጠልጠያ ከባሌስትራው ፊት ስለሆነ ሲረዝም የናክሉ አናት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ካስተር (የናክሉ አናት ወደ ኋላ ማዘንበል) ይቀንሳል፣ መሪው በራሱ አይመለስም፣ መንገድ ላይ ይዋልላል። መንቀጥቀጡን ልታጠፋ እየሠራህ መልሰህ ታመጣዋለህ።

2.5 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ ይበቃሃል። ካስተሩ ከጎደለ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ አስገባ፤ በዚህ መኪና ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ስለሆነ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ፊት ነው። ሽብልቁ የፊት ዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ታች ስለሚያዞር ክሮቸራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ) ጥግ ላይ እንዳይጨናነቅ አክስሉን አንጠልጥለህ በእጅ አዙርና አረጋግጥ። የፍሬን ቱቦዎቹም በዚያው ጊዜ ይታዩ፤ የሚወጠሩ ከሆነ ረጃጅም ግዛ። ዩ ብሎኖቹን ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሰህ አጥብቅ።

ስለ 33 ጎማ ታምቡር ያለውን አከብራለሁ፤ ግን እኔ 31 ነው የምለው። ኋላ ላሜራ ሳትቆርጥ ይገባል። ሩብ ጉልበቱን ከፍታ የወሰደበት ሞተር ላይ ትልቅ ጎማ ስትጨምር ማርሹ ሁሉ ይረዝምበታል። የናፍጣውን ሐሳብ አሁን እርሳው። የምር ከፈለግክ ከአንድ መኪና ሞተር፣ ካምቢዮና የፍሪሲዮን ቤት አብረው ይምጡ። የለጋሹ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ከሆነም ሞተሪኖውን ከነሙሉ መስመሩ ታስብበታለህ። የሞተር ቁጥር ሊብሬህ ላይ ስለተጻፈ ከመግዛትህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ።

ላሜራ፦
ብረቱ ላይ አጭር ነገር። ስቱኮ ዝገትን ይደብቃል እንጂ አያቆምም። በካቻቢቴ እየወጋህ የኋላውን የሻንሲ ማቋረጫ፣ የኋላ ጎማ ቤቶችን፣ የጣሪያውን የዝናብ መውረጃና የበሮቹን የታች ከንፈር ፈትሽ። የሚበሳውን እስከ ጤናማው ብረት ቁረጥና በ1 ሚሊሜትር ላሜራ ነጥብ ነጥብ እያልክ በየተራ ከተለያየ ቦታ በይድ፤ በአንድ መስመር ከሄድክ ላሜራው ይጣመማል። ሻንሲው ላይ ደግሞ ቀጭን ላሜራ አትለጥፍ።

ከሁሉ በፊት ግን፦ በዚህ ሞዴል የቤንዚን ታንከሩ ያለው ካቢኑ ውስጥ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። ወለሉ ላይ ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ታንከሩን ከነቱቦው አውጥተህ ከግቢው ሌላ ጥግ አስቀምጥ፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል። ባትሪውንም ንቀል፤ የብየዳውን ምድር ገመድ ከምትበይድበት ብረት ጎን አስር፣ ኩሽኔታ በኩል እንዳያልፍ።