የጣሪያ ውሃ በርሜል ውስጥ እየሸተተብኝ ነው፤ ለጓሮዬ እስከ ኅዳር እንዴት ላቆየው?

ጠያቂ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ እኔ ቤት ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቆርቆሮዬ 8 በ5 ሜትር ሲሆን ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። አሸንዳ አሰርቼ ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜል ደቅኛለሁ። ውሃው ግን በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ ይሆንና ይሸታል፤ ትላትልም ይርመሰመስበታል። ደግሞ መስከረም ላይ ዝናቡ ካባራ ጎመኔና ቃሪያዬ ጥቅምት ሳይጋመስ ይደርቁብኛል። መደቡ 10 ካሬ ቢሆን ነው። ሮቶ ልግዛ ወይስ ጉድጓድ ላስቆፍር?

የቧንቧ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲጥል 1 ሊትር ነው። ጣሪያሽ 40 ካሬ ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን 800 ሊትር ይወርዳል። የሚረጨው የሚባክነው ሲቀነስ 600 በይው። ዝናቡስ ሞልቷል፣ ዕቃ ነው ያነሰሽ። መደብሽ በደረቅ ቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል። በርሜሎቹ ከ8 እስከ 10 ቀን ቢያቆዩሽ ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 40 ቀን ያደርስሻል።

ግን 2,000 ሊትር ማለት 2 ቶን ነው። አንድ ደንበኛ ጋ ብሎኬት ደርድሬ ለስላሳ አፈር ላይ አቆምኩት። በክረምት አንዱ ጎን ሰመጠ፣ ሮቶው አጋደለ፣ መውጫው ተገነጠለ። ሌሊቱን ሙሉ ፈሶ አደረ። በራሴ ወጪ ነው የጠገንኩት። ድንጋይ አስጠቅጥቀሽ ከላይ ኮንክሪት አስለብሽው። ከፍታው ከቧንቧው ሥር ባልዲ የሚያስገባ ይሁን። አሸንዳው ደግሞ በ8 ሜትሩ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ ውሃ ካቆረ እሱ ራሱ የትንኝ ቤት ነው።

የሐይቅ ልጅ
ሽታው ከጣሪያው ነው። በጋውን ሙሉ አቧራውም ቅጠሉም የርግብ ኩሱም ተጠራቅሞበታል። የመጀመሪያውን ዝናብ አታስገቢው። እኔ ቱቦውን በእጄ ወደ ውጭ አዞረዋለሁ። መጀመሪያ ሻይ መስሎ ይወርዳል፤ ሁለት ጀሪካን ያህል ከፈሰሰ በኋላ ሲጠራ እመልሰዋለሁ። አረንጓዴው ከብርሃን ነው፣ ክፍት አትተይው። ትል ያልሽው የትንኝ እጭ ነው፤ ሳምንት ከምናምን ሲሆነው ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ያረጀ አጎበር ሁለት አጥፈሽ አፉ ላይ እሰሪበት። ለመሆኑ በርሜሎቹ ቀድሞ ምን ነበረባቸው? የኬሚካል ከሆኑ ለጎመን አይሆኑም።

ጠያቂ
አንዱ የምግብ ዘይት ነበረበት። ሁለተኛውን ሻጩ «ንጹሕ ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ።

የሐይቅ ልጅ
ሁለተኛውን እንግዲያው ለአሸዋ አድርጊው።

ከወልዲያ
እናቴ ጋዝ ጠብ ታደርግበታለች፣ ትንኝ ድራሹ ይጠፋል።

የቧንቧ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)
ለሚበላ ጎመን? ተው እንጂ ወንድሜ! አጎበሩ ይበቃል።

ገበሬ (ቆቦ)
ልጄ፣ ጉድጓዱን ተይው። እኛ ሜዳ ላይ ሆነን እንኳ ስንት አሳይቶናል። ጂኦሜምብሬን የሚሉትን ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ አንጥፈን ሞላነው፤ የቆቦ ፀሐይ ዝም ብላ ላሰችው። ጥላ ሠራንለት። ከዚያ ፍየል ገብታ በሰኮናዋ ቀደደችው። አጥር ከሌለው ለሕፃንም አደጋ ነው። ያንቺ ደግሞ ደሴ ነው፣ ተዳፋቱ ይንሸራተታል። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ከቤት በላይ ካለ እንቅልፍ አይሰጥም። ከሮቶው የሚተርፈውንም ውሃ ከመሠረቱ አርቀሽ ወደ ጌሾሽ ልቀቂው።

ሐምሌን ሮቶ ልሙላ ብለሽ አትድከሚ። ያኔ መደቡ ራሱ ጠግቧል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አጥበሽ ድፊው፣ ከዚያ ንጹሑን ሙዪበት። ሦስት አራት ደህና ዝናብ ይሞላዋል። ጳጉሜን አምነሽ ግን ባዶውን እንዳታቆዪው፤ ዝናቡ አንዳንዴ ቀድሞ ይሄዳል። መደቡን ጭድ አልብሺው፤ ውሃም ሲመሽ ከሥሩ አጠጪ። ፀሐይ ላይ ያፈሰስሽው ለፀሐይ ነው።

ጠያቂ
አባቴ እድሜ ይስጥዎ፣ የነሐሴውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ ድንጋይ አስመጣለሁ። ሮቶው ጥቁር ይሁን ነጭ?

የቧንቧ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)
ጥቁር። ብርሃን አያሳልፍም።