በወረርሽኝ ወቅት ዋጋ የጨመረ ነጋዴ ሱቁ ይታሸግ?

የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነጋዴ፦ እኔ ማሸጉን እቃወማለሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ እንደተነገረ፣ እኔ ዋጋ ከመጨመሬ በፊት አልኮል የሚያመጣልኝ አከፋፋይ ጨምሮብኛል፤ ያውም ያለ ደረሰኝ። በቀድሞው ዋጋ እንድሸጥ ብገደድ መደርደሪያዬን ባዶ አደርጋለሁ እንጂ በኪሳራ አልሸጥም።

የሳቢያን ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ በኪሳራ ይሽጡ የሚል ፍርድ አዋቂ ሰው አላየሁም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ድሬዳዋን ሲያዳርስ ግን ያየሁትን ልንገርዎት። እናቴ ጉልበቷ ተሳስሮ ከአልጋ መውረድ ባቃታት ቀን፣ ጠዋት ፓራሲታሞል የገዛሁበት ሱቅ ማታ ስመለስ ከዚያው ካርቶን፣ ከዚያው ከተቀደደው ጎኑ አውጥቶ በእጥፍ ሸጠልኝ። ያ ካርቶን ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ተጨማሪ ወጪ አልወጣበትም። እርስዎ የተጨመረብዎትን ዋጋ ሲጨምሩና ያ ሰው የሰውን ጭንቀት ሲሸጥ በአንድ ሚዛን ሊታዩ አይገባም።

ስለዚህ መንግሥት መተመን ያለበት ዋጋውን ሳይሆን በመግዣ ደረሰኝ ላይ የሚታከለውን ትርፍ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እጥረት ያለበትን ዕቃ መደበቅንም ይከለክላል። ተቆጣጣሪው ሱቅዎ ሲገባ መጀመሪያ የመግዣ ደረሰኝዎን ይጠይቅ፤ ደረሰኝ የከለከለዎት አከፋፋይ ዘንድም ይሂድ። ማሸግን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። የሰፈሩ ብቸኛ ሱቅ ሲታሸግ ቅጣቱ የሚያርፈው በባጃጅ ተሳፍሮ ሌላ ሰፈር መድኃኒት በሚፈልገው በሽተኛ ላይ ነው። ይልቅ ገንዘብ ይቀጣ፣ የያዘው ዕቃም በተገቢው ትርፍ እዚያው ይሸጥ።

የቀፊራ ተሳታፊ፦ መሬት ላይ ዘርግተው ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት እናቶችስ? እነሱ ከገበሬ ሲገዙ ደረሰኝ የላቸውም፤ በኮሮና ጊዜ ግን የሎሚ ዋጋ ምን ያህል እንደተሰቀለ ሁላችንም እናስታውሳለን።

የሳቢያን ነዋሪ፦ እህቴ፣ እነሱን ደንቡ ባይነካቸው እመርጣለሁ። ሎሚ የተወደደው መድኃኒት ነው ተብሎ በመወራቱ ነው፤ ለዚህ መልሱ ከጤና ባለሙያ አፍ የሚሰማ ትክክለኛ መረጃ እንጂ ቅጣት አይደለም። ደንቡ በፓራሲታሞል፣ በአልኮል፣ በጭንብል፣ በሳሙናና፣ ትንኝ በሚራባበት በርሜል ውኃ አጠራቅመን በምንኖርባት በዚህች ከተማ፣ በትንኝ መከላከያ ቅባት ላይ ይጀምር።